የክራንክሻፍትን ክብደት ስለ መቀነስና ሚዛኑን ስለ ማስተካከል

በመርካቶ፥ ሶማሌ ተራ፥ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚፈልግ ሰው ቢየላ፥ ቮላኖ፥ ኩሽኔታ እያለ ሲጠይቅ ይሰማል። ቃላቱ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ገበያውም አሁን ባለበት ስፍራ የተተከለው በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። እኛ ግን ልንገልጽ የፈለግነው ሥራውን ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ፈጥኖ እንዲነሣለት ክራንክሻፍቱን የሚያስልጥ ባለመኪና ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሯ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በቆላ ከሚሰጠው ኀይል ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ዘንጉን ማቅለል ይህን አይመልስም። የሚቀንሰው ሞተሩ የራሱን ብረት ለማፋጠን የሚያወጣውን ኀይል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቅሙ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ይታያል እንጂ፥ በእኩል ፍጥነት ወደ እንጦጦ ለሚወጣ መኪና ምንም አይጨምርም።

ብረት መዞርን የሚቃወምበት መጠን ከመካከሉ ባለው ርቀት ካሬ ልክ ያድጋል፤ በ12 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለ 1 ኪሎ፥ በ6 ሴንቲ ሜትር ካለ 4 ኪሎ ጋር እኩል ነው። ከቮላኖው ጠርዝ ጥቂት መላጥ ከዘንጉ ብዙ ከመላጥ የሚሻለውም ስለዚህ ነው። በዘንጉ ላይ ያሉት ማመዛዘኛ ክብደቶች ደግሞ ለጌጥ አልተቀመጡም፤ ከመጠን በላይ ቢላጡ ሸክሙ በዋናዎቹ ኩሽኔታዎች ላይ ይወድቃል።

በእኛ አስተያየት ከማቅለሉ ይልቅ ሚዛኑ ይበልጣል። ከመካከሉ 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተረፈ 10 ግራም ብቻ፥ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በ4 ኪሎ ያህል ኀይል ይጎትታል፤ 6,000 ሲደርስ ግን 8 ሳይሆን 16 ኪሎ ይሆናል። ከተለያዩ ሞተሮች በተለቃቀመ ዕቃ ለሚገጥም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አስቀድሞ ፒስቶኖቹ ክብደቱ ካነሰው ጋር እኩል እንዲሆኑ ይሞረዳሉ፤ የቢየላው ትልቁ ራስና ትንሹ ራስም ለየብቻ ይመዘናሉ፥ አንደኛው ከዘንጉ ጋር ሲዞር ሌላው ከፒስቶኑ ጋር ይመላለሳልና።

ዘንጉን በሁለት ቀጥ ያሉ ስለታም ብረቶች ላይ አስቀምጦ ከባዱ ወገን ወደ ታች ሲዞር ማየት የቆየ ዘዴ ነው፤ ግን አይበቃም። በአንደኛው ጫፍ 10 ግራም ወደ ላይ፥ በሌላው ጫፍ 10 ግራም ወደ ታች ቢተርፍ ዘንጉ በብረቶቹ ላይ ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲሽከረከር ግን ሁለቱ ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይናጣሉ። ይህን የሚያሳየው ዘንጉን እያሽከረከረ የሚለካ መሣሪያ ብቻ ነው። (አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር ያለው ሞተር ከፒስቶኖቹ እንቅስቃሴ የሚመጣ፥ ከዙሩ እጥፍ የሚፈጥን ንዝረት አለው፤ እርሱን ይህ ሥራ አያጠፋውም።)

የዘንጉ አንገቶች የሚሞረዱ ከሆነ ሚዛኑ ከዚያ በኋላ ይሠራል። ትርፉ ከማመዛዘኛዎቹ በመብሳት ይወሰዳል፤ በአንገቶቹ ሥር ያለው ክብ ማዕዘን ግን አይነካ፥ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራልና። ቮላኖው አብሮ ተመዝኖ አቀማመጡ ምልክት ይደረግበት። በመጨረሻም የዘይት መተላለፊያዎቹ በሚገባ ይታጠቡ፤ በውስጣቸው የቀረ የብረት ፍቅፋቂ አዲሱን ኩሽኔታ ገና በመጀመሪያው ቀን ይፍቀዋል።