48 ሰዓቱ ሲያልቅስ?

ሶዶ ውስጥ ሰው በፖሊስ ሲወሰድ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ነው ያለው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «መቼ ፍርድ ቤት ይቀርባል?» ይመጣል። ለዚህኛው ሕገ መንግሥቱ ቁርጥ ያለ መልስ አለው፤ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ይላል። ከተያዘበት እስከ ፍርድ ቤት ያለው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም፤ ከአረካ ሶዶ ደግሞ ለሰበብ የሚበቃ ርቀት የለም።

በሰዓቱ ብቻ ከሄድን ከሌላው አናንስም። ደቡብ አፍሪካም 48 ሰዓት ነው የምትለው። የኬንያ ሕገ መንግሥት 24 ይላል። በጀርመን ፖሊስ የያዘው ሰው ቢዘገይ እስከ ማግሥቱ መጨረሻ መለቀቅ ወይም ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት።

ልዩነቱ የሚመጣው ዳኛ ፊት ከቀረቡ በኋላ ነው። ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አልወሰነም። በእንግሊዝ፣ ከሽብር ጉዳይ በቀር፣ ፖሊስ ሰውን ያለ ክስ የሚያቆየው ቢበዛ 96 ሰዓት ነው። እኛ ዘንድ አንዱ ቀጠሮ ብቻ ያንን ሦስት እጥፍ ያልፋል። ይህ አሠራር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚል ኬንያዊ ቢሆን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይገባ ነበር። እዚህ ግን ጥያቄው በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል አዲስ አበባ፣ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ድረስ ይሄዳል። የሶዶው ዳኛ ጉዳዩን ወደዚያ ሊመራ ይችላል እንጂ ሕጉን ራሱ አይሽርም።

አንቀጽ 19 ለባለሥልጣንም ያስፈልጋል፤ ነሐሴ 3 ቀን 2012 ሶዶ ላይ የታሰሩት ተራ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ዞናቸው ክልል ይሁን የሚለውን ጥያቄ ይዘው የነበሩ የዞኑ ባለሥልጣናት፣ አስተዳዳሪው ዳጋቶ ኩምቤ ጭምር፣ ተይዘው በኋላ በዋስ ተለቀቁ። ዋስትናም እዚያው አንቀጽ 19 ውስጥ ያለ መብት ነው። እስሩን ተከትሎ በተነሣው ተቃውሞ በጥይት ለሞቱት ግን አንቀጽ 19 የሚያደርግላቸው ነገር የለም።

48ቱ ሰዓት ካለፈ መንገዱ «አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ» ይባላል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የታሰረው ካልቻለ ሌላ ሰው በቃለ መሐላ ያቀርብለታል። ዳኛው ያሠረውን አካል «ሰውዬውን አምጣ፣ ምክንያትህንም ተናገር» ይለዋል። እንግሊዞች ይህንኑ በ1679 እ.ኤ.አ. በአዋጅ አጠንክረውታል። እኛ ዘንድ የአቤቱታው ደካማ ጎን ትእዛዙን የሚፈጽመው ያው ያሠረው ክፍል መሆኑ ነው። ዋስ የተፈቀደለት ሰው ሳይወጣ በሌላ ጥርጣሬ ሲያዝም ያየን አለን።

ለቃለ መሐላው ዋናው ነገር የተያዘበት ቀንና ሰዓት ነው። ቤተሰብ የዚያኑ ዕለት፣ ማን እንደወሰደውና ማን እንዳየ ጭምር፣ በወረቀት ቢያሰፍረው ይሻላል። ከሳምንት በኋላ «ማታ አካባቢ» የሚል ምስክር ሰዓት ለመቁጠር አይመችም።