ሆስትስ ፋይል

ሆስትስ ፋይል የኮምፒዩተሮችን ስም ከአይፒ አድራሻቸው ጋር የሚያዛምድ፣ በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኝ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ለሰው ስም ማስታወስ ይቀለዋል፤ ኮምፒዩተሮች ግን በኔትወርክ የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ስለሆነ ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ዘዴ ያስፈልጋል።

ታሪክ

የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው አርፓኔት ላይ ኮምፒዩተሮቹ ጥቂት ስለነበሩ የሁሉም ስምና አድራሻ በአንድ ፋይል ይመዘገብ ነበር። ዋናው ቅጂ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ይያዝ ነበር፤ ሌሎቹ ተቋማት ከዚያ ይገለብጡ ነበር። የኮምፒዩተሮቹ ቁጥር ሲበዛ አንዱን ፋይል ወቅታዊ አድርጎ ለሁሉም ማዳረስ አስቸጋሪ ሆነ። በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ሞካፔትሪስ መዝገቡን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍለውን ዲኤንኤስ ነደፈ። ሆኖም ሆስትስ ፋይል እስከ ዛሬ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ውስጥ አለ።

አሠራር

እያንዳንዱ መስመር በአይፒ አድራሻ ይጀምራል፤ ከክፍት ቦታ በኋላ ስሙ ይከተላል። ለአንድ አድራሻ ከአንድ በላይ ስም መስጠት ይቻላል። ከ# ምልክት በኋላ ያለው ጽሑፍ ማስታወሻ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ያልፈዋል። 127.0.0.1 ኮምፒዩተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ሲሆን ስሙ ሎካልሆስት ይባላል።

አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ዲኤንኤስን ከመጠየቁ በፊት ይህን ፋይል ያያል። ስሙን እዚያ ካገኘ ሌላ አይጠይቅም።

ጥቅምና አደጋ

ዲኤንኤስ ሰርቨር በሌለበት ትንሽ ኔትወርክ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል፣ የሰርቨሩን ስም በየኮምፒዩተሩ ፋይል መጻፍ ይበቃል። አድራሻው ሲቀየር ግን ሁሉም አንድ በአንድ መታረም አለባቸው። የድረ ገጽ ሠሪዎችም አዲስ ሰርቨርን ለሕዝብ ከመክፈታቸው በፊት በዚህ ፋይል ይሞክሩታል። የማይፈለግን ድረ ገጽ ለመዝጋት ደግሞ ስሙ 0.0.0.0 ከሚለው አድራሻ ጋር ይጻፋል።

ኮምፒዩተሩ የፋይሉን ቃል ሳያጣራ ስለሚቀበል ለተንኮልም ይውላል። ጎጂ ፕሮግራም የባንክን ስም ከአጭበርባሪ ሰርቨር አድራሻ ጋር ቢጽፍ፣ ተጠቃሚው ትክክለኛውን ስም ቢጽፍም ወደ ሐሰተኛው ይወሰዳል። ብሮውዘሩ ስለ ደኅንነት ሰርተፊኬት የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ ችላ መባል የሌለበትም ለዚህ ነው። ፋይሉን ለማረም የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠየቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።