ባለ ኮርማው ማሊያ ገንዘቡ የት ይገባል?

ቀይ ኮርማ የታተመበት 23 ቁጥር ማሊያ በደሴ ፒያሳም በኮምቦልቻም ብርቅ አይደለም። ቅርጫት ኳስ አይቶ የማያውቀውም ስለ አሜሪካው ክለብ ቺካጎ ቡልስ የሚያወራው አያጣም። ከወሬው ግን ብዙው ተረት ነው።

ተረት፦ ቡልስ የ23 ቁጥሩ ማይክል ጆርዳን ክለብ ነው።

እውነታ፦ ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመሠረት ጆርዳን ገና ሕፃን ነበር። በ1984 ሲመለመልም 3ኛ ተመራጭ እንጂ 1ኛ አልነበረም። 6 ዋንጫ አስገኘ፤ ባለቤት ግን አልሆነም። በ1985 ክለቡን በእጁ ያደረገው የሪል ስቴት ነጋዴው ጄሪ ራይንስዶርፍ ነው። ጆርዳን የክለብ አብላጫ ድርሻ የነበረው ሌላ ከተማ፣ ሻርሎት ነው፤ እሱንም በ2023 ሸጦታል።

ተረት፦ ዋንጫ ከሌለ ገንዘብ የለም።

እውነታ፦ ጆርዳን በ1998 ከሄደ በኋላ ቡልስ ለ6 የውድድር ዓመታት ከጥሎ ማለፉ ቀርቷል። አልከሰረም። ቡልስ የሚጫወትበት ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ የአገር አቀፍ የቴሌቪዥን መብቱን በጋራ ይሸጥና ገንዘቡን ለ30ዎቹ ክለቦች እኩል ያካፍላል፤ ሻምፒዮኑም መጨረሻ የወጣውም ያው ይደርሳቸዋል። በ2024 የተፈረመው የ11 ዓመት ውል ወደ 76 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ኤንቢኤን ያበለጸገው ከኮከቦቹ ይልቅ ይህ ክፍፍል ነው ብል አላጋንንም። (ገበያ ላይ የሚሸጠው አስመስሎ የተሠራ ማሊያ ግን ለቺካጎ ሳንቲም አያስገባም።)

ተረት፦ እኛም ትልቅ ስታዲየም ቢሠራልን ክለባችን ይነሣ ነበር።

እውነታ፦ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ወልዲያ ነው። በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የከተማዋ የእግር ኳስ ክለብ ያኔ በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ይጫወት ነበር። በ2010 ዓ.ም. ወረደ። ወንበር ደመወዝ አይከፍልም፤ ደመወዝ የሚከፍለው በየዓመቱ የማይቋረጥ ገቢ ነው። ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻም፣ እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ክለቦች፣ ዓይናቸው የመንግሥት በጀት ላይ ነው። በጀቱ ሲዘገይ ተጫዋቹ ይሄዳል፤ ቡድኑ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይዋቀራል።

ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ ደጋፊ ሆይ፣ ስታዲየም ከመጠየቅህ በፊት የክለብህን ዓመታዊ የገቢና የወጪ ሒሳብ ጠይቅ።