የስታፍ ሰሌዳው ምን ይላል?

በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳምንቱ የሚጀምረው በፊርማ ነው። መምህሩ ሳምንታዊ ዕቅዱን ያዘጋጃል፣ የዲፓርትመንት ኃላፊው ያየዋል፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ይፈርምበታል። ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከመገናኛ ግርግር እስከ እንጦጦ ተዳፋት ድረስ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም በዚህች ፊርማ ይገናኛሉ። ወረቀቱ በየሳምንቱ ከመምህሩ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ወደ መምህሩስ ምን ይወርዳል?

በአብዛኛው ማሳሰቢያ ነው። መምህራን «ስታፍ» በሚሉት ማረፊያ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የፈተና ፕሮግራም፣ የተረኞች ስም፣ የስብሰባ ጥሪና ከወረዳ የመጣ ደብዳቤ ይለጠፋል። አሁን አሁን ሰሌዳው ወደ ስልክ ገብቷል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. መንግሥት በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወስን፣ በአዲስ አበባ ትምህርቱ ለተማሪዎች በቴሌግራም ጭምር ይላክ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ተከፈቱ፤ ቴሌግራሙ ግን ቀረ። ዛሬ ማሳሰቢያው ማታ ራት ላይም ይደርሳል። ፍጥነቱ ጨመረ እንጂ ይዘቱ ያው ነው፦ አስገቡ፣ አሟሉ፣ ሳይዘገይ አሳውቁ።

ከማሳሰቢያ ባለፈ መምህራን በየሳምንቱ ተገናኝተው ስለ ሥራቸው ይነጋገሩ የሚለው ሐሳብ ግን ከቴሌግራሙ በፊት የነበረ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ «የትምህርት ልማት ሠራዊት» በሚል ስም መምህራንም ተማሪዎችም በአንድ ለአምስት ተደራጅተው ነበር። አምስት ስድስት መምህራን ቁጭ ብለው «የትኛው ርዕስ አስቸገረህ? የትኛው ልጅ ወደኋላ ቀረ?» ቢባባሉ ማን ይጠላል! ችግሩ አደረጃጀቱ የፖለቲካ ግምገማን ልማድ ይዞ መምጣቱ ነው። ቃለ ጉባኤው እየሞላ ጨዋታው ጎደለ፤ ቀስ በቀስም ተረሳ። ያሳዝናል፤ ሐሳቡ ከአፈጻጸሙ ይሻል ነበርና።

ሌሎች መዋቅሮችም አሉ። ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በክላስተር ይያያዛሉ፣ ሱፐርቫይዘር ይመደብላቸዋል። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው እንዲያውል ይጠበቃል፤ አዲስ ተቀጣሪ ደግሞ ሁለት ዓመት ከአንድ ነባር መምህር ጋር ይሠራል። የደረጃ ዕድገት መሰላሉ ከጀማሪ ተነሥቶ በመለስተኛ፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህርና በተባባሪ መሪ መምህር በኩል እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ ያደርሳል። በወረቀት ላይ ድጋፍ ሞልቷል ማለት ይቻላል። ግን የመሰላሉን አንዱን እርከን ለመውጣት ዓመታት ይጠበቃል፤ የምስክር ወረቀትና ጭብጨባም ብዙውን ጊዜ የዓመቱ መዝጊያ ላይ ነው የሚመጣው። ኅዳር ላይ ለደከመ መምህር ሰኔ ሩቅ ነው።

በተለይ ለትንንሾቹ ልጆች መምህር። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር አማርኛውንም ሒሳቡንም አካባቢ ሳይንሱንም ይዞ ከአንድ ክፍል ልጆች ጋር እንዲውል ተደርጎ ነበር። ይህ አሠራር ባለበት ለሕፃናቱ መልካም ነው፤ ለመምህሯ ግን ብቸኝነት አለው። ሱፐርቫይዘር ካልመጣ በስተቀር ሥራዋን የሚያይ አዋቂ ሰው የለም። ጃፓን ውስጥ መምህራን ሁሉ በአንድ ሰፊ ክፍል ጠረጴዛ አላቸው፤ ቀናቸውንም በአጭር የጋራ ስብሰባ መጀመር የተለመደ ነው። የእኛ የጠዋት ሰልፍ ግን ባንዲራ ሰቅሎ፣ ሚኒ ሚዲያውን አሰምቶ ይበተናል፤ መምህሩም በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይሄዳል።

ታዲያ በየሳምንቱ ከላይ ወደ መምህሩ የሚወርድ፣ የሚያበረታታ መልእክት ምን ይመስላል? «ውድ መምህራን በርቱ» አይደለም፤ ያ ለሁሉም የተባለ ስለሆነ ለማንም አልተባለም። «ቲቸር፣ ረቡዕ ክፍልሽ ገብቼ ነበር፤ ያ ዝምተኛ ልጅ ቆሞ ሲያነብ ሰማሁት» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ለመጻፍ ርዕሰ መምህሩ ረቡዕ ክፍል መግባት አለበት። ዋናው ወጪም ይኸው ነው፤ ብር አይጠይቅም፣ እግር ይጠይቃል።

በመልእክቱ የሚነገረው መረጃም ከሰፈሩ የተቀዳ ቢሆን ይጠቅማል። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ከጃን ሜዳ ወደ የካ ሲመለስ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ ይህን ከአንድ ሳምንት በፊት የነገረ ትምህርት ቤት የመምህራኑን ዕቅድ ከመበላሸት ያድናል። ሰኔ ሲገባና ዝናቡ ሲበረታ ከተራራው ሥር የሚመጡት ልጆች በጭቃው ምክንያት እንደሚዘገዩ አስቀድሞ ያወቀ መምህር፣ ከባዱን ትምህርት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አያደርገውም።

የትምህርት ቤት ሠራተኛ ሲባል መምህር ብቻ አለመሆኑም መታሰብ አለበት። አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ምገባን ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ካዳረሰች ወዲህ ምግብ የሚያበስሉ እናቶች የግቢው አካል ሆነዋል። ፈተና ሲኖርና ልጆች ቀድመው ሲወጡ ምሳው ስንት ሰዓት መድረስ እንዳለበት ማወቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋም እንዲሁ።

የየካ ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ የፊታችን ዓርብ ከማሳሰቢያው በፊት አንድ ያያችሁትን ነገር ጻፉ። የምሳውን ሰዓት ግን ወደ ማብሰያ ቤቱ ራሳችሁ ሄዳችሁ በቃል ንገሩ።