በሁለት ራውንድ መሃል

ሐኪሞች ጠዋት ተሰብስበው ራውንድ ሲወጡ አንድ አልጋ አጠገብ የሚቆሙት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቻርቱ ይነበባል፣ ሕመምተኛው ይታያል፣ ትእዛዝ ይጻፋል፣ ቡድኑም ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ትኩሳቱን የሚለካው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሕመምተኛው ትንፋሽ ሲያጥር ትራሱን ከፍ ማድረግ ይበቃል ወይስ ተረኛ ሐኪም ይቀስቀስ ብሎ የሚወስነው ነርሱ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የአራት ዓመት የነርሲንግ ዲግሪ ትምህርት ከሞላ ጎደል ለእነዚህ ሰዓታት የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ሰዉ ግን እንዲህ አያየውም። ነርሲንግ የተመደበ ተማሪ ከዘመድ ጎረቤት ቀድሞ የሚሰማው «ውይ፣ ሕክምና አልደረሰህም እንዴ?» የሚል ነው። የትምህርቶቹ ዝርዝርም ይህን አስተያየት የሚያግዝ ይመስላል። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ፓቶሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ፦ ሁሉም የሕክምና ተማሪ የሚወስዳቸው ናቸው፤ ነርሱ የሚወስደው አጠር ብሎ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ነርሲንግን «ትንሹ ሕክምና» አድርጎ መቁጠር ይቀላል። ልዩነቱ የሚወጣው መምህሩ በፈተና ላይ የሚያነሣውን ጥያቄ ስናይ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት እንኳ የነርስነት ሽታ የለውም። ተማሪው የ12ኛ ክፍል ፈተናውን አልፎ በተፈጥሮ ሳይንስ እንደገባ ሁሉ ፍሬሽማን ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሒሳብ፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ይወስዳል። ብዙዎች የሳይኮሎጂውን ደብተር ፈተናው ባለቀ ማግስት ይጥሉታል። የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ሲገቡ ይፈልጉታል።

ነገሩ የሚጀምረው በሁለተኛው ዓመት ነው። አናቶሚ ላይ የነርሲንግ ተማሪ ስለ ዳሌ ጡንቻዎች ሲማር ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «መርፌው የት ይወጋ?» የሚል ነው። ከዳሌ ተነሥቶ በመቀመጫው በኩል ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ በመርፌ ከተነካ ሰውየው እግሩን እየጎተተ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መቀመጫው በሐሳብ መስመር ለአራት ተከፍሎ የላይኛው የውጭ ሩብ ይመረጣል፤ ጡንቻው ገና ያልዳበረ ጨቅላ ከሆነ ደግሞ መቀመጫው ይቀርና ጭኑ ላይ ይወጋል። ፋርማኮሎጂም እንደዚሁ ነው። ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒት ለማን እንደሚታዘዝ ማወቅ በዋናነት የሐኪሙ ሥራ ነው። የነርሷ ትምህርት የሚያተኩረው መድኃኒቱ መቼ እንደማይሰጥ ላይ ነው፦ ከመስጠቷ በፊት የልብ ምቱን አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች፤ የአዋቂ ሰው ምት ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱን ሳትሰጥ ለሐኪም ታሳውቃለች። ፖታስየም ክሎራይድ በግሉኮስ ወይም በሌላ ፈሳሽ ሳይበረዝ በቀጥታ በደም ሥር ከተገፋ ልብን ያቆማል፤ ይህን ያልያዘ ተማሪ የቀረውን ሁሉ ቢያውቅም ዋርድ ሊገባ አይገባውም።

ተማሪው የነርስነትን ሥራ በእጁ የሚቀምሰው የነርሲንግ መሠረታዊ ክህሎት በሚባለው ትምህርት ነው። ስኪል ላብ ውስጥ በፕላስቲክ ሰው ላይ ካኑላ መትከል፣ የሽንት ቱቦ ማስገባት፣ ቁስል ማጠብ ይለማመዳል። የሚያስቀው ደግሞ አልጋ ማንጠፍ ነው። «ዩኒቨርሲቲ የገባሁት አንሶላ ለመዘርጋት ነው?» ያላለ ተማሪ ጥቂት ነው። ሳቁ የሚያልቀው አልጋው ላይ መነሣት የማይችል ሰው እንዳለ፣ አንሶላው ሳይጨማደድ፣ ሰውየው ሳይጋለጥና ሳይጎዳ ቀይር ሲባል ነው። ሳይገላበጥ ለሰዓታት በጀርባው የተኛ ሰው አጥንቱ ከፍራሹ ጋር በሚጫንበት ቦታ፣ በተለይም በጀርባው መጨረሻና በተረከዙ ላይ፣ ደም ይቋረጥና ሥጋው መሞት ይጀምራል። የአንሶላ ጭምድድና እርጥበት ያፋጥነዋል። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የሚለው ደንብ መጣ። በአጥንት ስብራት ወይም በስትሮክ የተኛ ሰው ከሆስፒታሉ ቁስል ይዞ ይውጣ አይውጣ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ይህን ዓይነቱን ነገር በትምህርት ደረጃ ያስቀመጠችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። በክራይሚያ ጦርነት ወቅት የቆሰሉ ወታደሮች ከጥይቱ ይልቅ በበሽታ እንደሚያልቁ ያየችውን በቁጥርና በሥዕላዊ ሠንጠረዥ አሳይታ የብሪታንያ ባለሥልጣናትን ሞገተች፤ እ.ኤ.አ. በ1860 ደግሞ ለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ተማሪዎች ባዮስታቲስቲክስ ሲያማርራቸው መምህራን የሚያነሡት ስም የእርሷ ነው፤ የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ነበረች። በነርሲንግ ታሪክ ትምህርት የአገራችንም ክፍል አለ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምራ ነርስ ሆነች። ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም አረፈች። መታሰቢያ እንዲሆን በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው፤ ነርሶችም የሚሠለጥኑበት ነበር። በነርስ ሙያ የተመረቀች ልዕልት በወሊድ ሳቢያ መሞቷ የእናቶች ጤና ትምህርት ሲጀመር ቢነገር ከብዙ መግቢያ ይሻላል።

ከሁሉም ይልቅ ተማሪን የሚያልበው የመድኃኒት ስሌት ነው። የሐኪሙ ትእዛዝ «1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ይግባ» ይላል። ጠብታውን በራሱ የሚቆጥር ማሽን በሁሉም ዋርድ የለም፤ ስለዚህ ነርሷ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሆነ ታሰላለች። ማስተላለፊያው ቱቦ አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ 1000 በ20 ተባዝቶ በ480 ደቂቃ ሲካፈል 42 ገደማ ይመጣል። ከዚያ ሰዓቷን እያየች መቆጣጠሪያውን ጎማ ታጠብቃለች፣ ታላላለች። ሒሳቡ የስድስተኛ ክፍል ነው። ግን ለሦስት ኪሎ ጨቅላ አንድ ዜሮ ከተሳተ አሥር እጥፍ መድኃኒት ነው፤ በዚህ ምክንያት ብዙ መምህራን በስሌት ፈተና «ከፊል ማርክ» የሚባል ነገር አያውቁም።

የነርሲንግን ትምህርት ከሕክምና በግልጽ የሚለየው ደግሞ «ነርሲንግ ፕሮሰስ» ነው። አምስት እርምጃ አለው፦ መረጃ መሰብሰብ፣ ችግሩን መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበርና ውጤቱን መመዘን። ሐኪሙ አንድን ሰው መርምሮ «የሳምባ ምች» ብሎ ይጽፋል። ተማሪዋ ያንን ደግማ ብትጽፍ ዜሮ ታገኛለች። ከእርሷ የሚጠበቀው የሳምባ ምቹ ይህን ሰው ምን አደረገው የሚለው ነው። አክታው ስለ ወፈረ የአየር መተላለፊያው አልጠራም፤ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ተነሥቶ መታጠብ አቃተው፤ የቀን ሠራተኛ ስለሆነ የዛሬ ገቢው መቅረቱ እንቅልፍ ነሥቶታል። ለእያንዳንዱ በሐኪም ትእዛዝ የማይጠበቅ፣ ነርሷ በራሷ ሥልጣን የምታደርገው ነገር አለ፦ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ፈሳሽ እንዲወስድ ማገዝ፣ አክታ የሚያወጣ አሳሳል ማስተማር፣ ማኅበራዊ አገልግሎት ክፍልን ማነጋገር። ከሰዓታት በኋላ ተመልሳ ለውጥ መኖሩን ታያለች። በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ አሠራር ነው። አንድ ነርስ ብዙ አልጋ በያዘበት ዋርድ ውስጥ ግን ቅጹ ከትናንቱ እየተገለበጠ የሚሞላ ጽሕፈት ሊሆን ይችላል፤ ተማሪዎችም በደብተራቸው የጻፉትና ዋርድ ላይ የሚያዩት ሲራራቅ ግር ይላቸዋል። ለእኔ ይህ የሥርዓተ ትምህርቱ ድክመት አይደለም። የነርስ ቁጥር ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ተማሪው የውስጥ ደዌና ቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት፣ የእናቶች፣ የድንገተኛና የአእምሮ ሕሙማን ክፍሎችን በየተራ ይዞራል። ሎግቡኩን ይዞ የሠራውን እያስፈረመ፣ ኬዝ እያቀረበ፣ ዱቲ እያደረ። ነጭ ጋውን በለበሰ በመጀመሪያው ቀን አስታማሚዎች «ሲስተር» ወይም «ብራዘር» ይሉታል፤ ተማሪ መሆኑ ለእነርሱ ቁም ነገር አይደለም፣ ግሉኮሱ ቆሟልና መጥቶ ማየት አለበት። ከእነዚህ ክፍሎች ሁሉ በሁለት ራውንድ መሃል ያለውን ሥራ አጉልቶ የሚያሳየው በጽኑ የተጎዱ ሕፃናት የሚተኙበት የምግብ እጥረት ክፍል ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ እጥረቱ ከባድ ነው ይባላል። ተጨማሪ ሕመም ያለበት ሕፃን ተኝቶ ይታከማል። አላዋቂ ዘመድ «ይጠግብ፣ ብዙ ስጡት» ይላል። የተራበ አካል ግን ብዙ ፕሮቲንና ጨው በአንዴ መሸከም አይችልም፤ ልቡ ሊደክም፣ በደሙ ያሉት ማዕድናት ሊዛቡ ይችላሉ። ስለዚህ ኤፍ-75 የሚባለው ቀለል ያለ ወተት ተለክቶ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሕፃኑ ሲረጋጋና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ጠንከር ወዳለ ምግብ ይሸጋገራል። የሌሊቱ ወተት አንዴ ቢዘለል የሕፃኑ ስኳር ሊወርድ፣ ሰውነቱም ሊቀዘቅዝ ይችላል። እዚያ ክፍል ያደረ ተማሪ «ሰዓቱን ጠብቆ መስጠት» የሚለውን ሐረግ ዳግመኛ እንደ ቢሮ ቋንቋ አይሰማውም።

የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ሌላ ዓለም ነው። አዲስ አበባ ያሉ ተማሪዎች አማኑኤል ሆስፒታል ይላካሉ። መርፌና ካኑላ ተክኖ የመጣ ተማሪ እዚያ ሲደርስ መሣሪያው ንግግር እንደሆነ ይነገረዋል፦ የማይፈርድ ጥያቄ መጠየቅ፣ ዝምታን ታግሶ መቀመጥ፣ ሕመምተኛው የሚሰማውን ድምፅ «የለም» ብሎ ሳይከራከር፣ «አዎ» ብሎም ሳያጸድቅ ፍርሃቱን መቀበል። ብዙ ተማሪ ከመድኃኒት ስሌት ይልቅ ይህ ይከብደዋል።

የሙያ ሥነ ምግባር ትምህርትም በመጽሐፉ ሲነበብ ቀላል ነው። ሕመምተኛው ስለ ራሱ የማወቅ መብት አለው፤ ይኸው ነው። ዋርድ ላይ ግን ታላቅ ወንድም ተማሪዋን ወደ ኮሪደር ይጠራትና «የኔ እህት፣ ካንሰር መሆኑን ለእሱ እንዳትነግሩት፤ ለእኛ ንገሩን» ይላታል። ወደ ጠበል ልንወስዳት ነው፣ መድኃኒቱን እናቁምላት የሚሉም አሉ። መብቱን ብቻ ጠቅሳ የምትመልስ ተማሪ ቤተሰቡን ታጣለች፤ እሺ ብላ የምትደብቅ ደግሞ ሕመምተኛውን። ጥሩ መምህር እዚህ ላይ ተማሪዎቹን ያከራክራቸዋል፤ ሕመምተኛው ራሱ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅን፣ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ ማስኬድን ያለማምዳቸዋል።

የመጨረሻው ዓመት ከሆስፒታሉ ግቢ ያስወጣል። ይህ ልማድ በኢትዮጵያ ሥር አለው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በአንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ጅማ ደግሞ ኅብረተሰብን ማዕከል ያደረገ ትምህርትን የዩኒቨርሲቲው መለያ አደረገችው። ዛሬም የልዩ ልዩ የጤና ሙያ ተማሪዎች ተቀናጅተው ወደ ወረዳ ይወርዳሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባት ያልጨረሰውን ሕፃን፣ ቅድመ ወሊድ ክትትል ያቋረጠችውን እናት፣ የተበከለውን ምንጭ ይመዘግባሉ፤ ኤፒዲሚዮሎጂ ከወረቀት የሚወርደው ያኔ ነው። የጤና አገልግሎት አስተዳደርና የመመረቂያ ጥናትም የዚሁ ዓመት ናቸው። የተመረቀ ነርስ ጤና ጣቢያ ሲመደብ መድኃኒት ቤቱንም ሪፖርቱንም ሠራተኛውንም የሚመራ ሊሆን ስለሚችል አስተዳደሩ ትርፍ ትምህርት አይደለም።

ከዚያ ፈተና ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 ከመቶ ካላመጣ አይመረቅም። ነርስ ደግሞ ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ፈተናም አለበት። ሁለቱም በዋናነት የምርጫ ጥያቄ ናቸው፤ ያነበበውን ካላነበበው ይለያሉ፣ ግን የደከመ ሕፃን ደም ሥር ማግኘት የሚችል እጅን በ«ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» መለየት አይቻልም። ያንን የሚመዝነው ትምህርት ክፍሎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት፣ ተማሪዎች «ኦስኪ» የሚሉት የተግባር ፈተና ነው። ክፍሉ በጣቢያ በጣቢያ ይከፈላል፤ ደወል ሲደወል ተማሪው ገብቶ ከፊቱ ያለውን ሥራ በተመጠነለት ደቂቃ ይሠራል፣ ፈታኙ ምንም ሳይናገር ዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ደወሉ ሲደገም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቁስል ማጠብ ይሁን መርፌ መውጋት፣ በዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ እጅ መታጠብ ነው፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ ማርክ የሚጥለውም እዚያው ላይ ነው።