ሕመምተኛ በቤት፥ መኪና በግቢ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በዛሬው ቤተ ሰብ ላይ በልዩ አኳኋን ሲፈጸም እናያለን። የቤት እመቤት ሕዝቡ ኦፕራሲዮን የሚለው ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ወደ ቤቷ በተመለሰችበት ሰሞን፥ የቤቱ አሮጌ መኪና ደግሞ ፍሬኑ ያልቃል፤ ወይም ሞተሩ አልነሣ ይላል። ለሕክምናና ለመድኃኒት ብዙ ገንዘብ ስለ ወጣ፥ ባልየው የጋራዡን ወጪ ለማዳን ቱታውን ለብሶ ራሱ ሊጠግነው ይነሣል። ይህ ትጋት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንዱ ሥራ ፍጹም ንጽሕናን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያለ ዘይትና ያለ ጥቀርሻ አይሠራም። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ግቢና በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ሊጠበቅ የሚገባውን ሥርዓት ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን። ሕመምተኛው ባል፥ መኪና ጠጋኟም ሚስት ብትሆን ነገሩ ያው ነው።

1ኛ፤ ከመፍታት በፊት ማሰብ

የመኪናው ብሎን በጣሳ ውስጥ ሳምንት ቢቈይ የሚጎዳ ነገር የለም፤ ቍስል ግን ቀጠሮ አይቀበልም። ስለዚህ አንድ ቍልፍ እንኳ ከመነሣቱ በፊት ባለቤቱ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «ዛሬ ሌሊት ሕመምተኛዪቱን ትኵሳት ቢይዛት በምን እንወስዳታለን?» መኪናው በደኅና የሚሄድ ከሆነ፥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባይፈታ ይሻላል። መፈታቱ ግድ ከሆነ፥ መኪና ካለው ጎረቤት ወይም ከታክሲ ነጂ ጋር አስቀድሞ መነጋገርና የስልክ ቍጥሩን በግልጽ ቦታ ጽፎ ማኖር ይገባል። ጎማው ወልቆ በክሪክ ላይ የቆመ መኪና ሕመምተኛ አያደርስም።

2ኛ፤ የእጅ ንጽሕና

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1847 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ሐኪም የነበረው ኢግናዝ ዜመልቫይስ፥ ሐኪሞች ሬሳ በመረመሩበት እጃቸው ወላዶችን እንደሚረዱ ተመልክቶ፥ ክሎሪን ባለው የኖራ ውሀ እንዲታጠቡ አዘዘ። ከዚያም በኋላ በወሊድ ትኵሳት የሚሞቱት እናቶች ቍጥር እጅግ ቀነሰ። ሳይታጠብ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገር እጅ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።

ብዙዎች ግራሶ የነካ እጃቸውን በቤንዚን ሲታጠቡ ይታያሉ። ቤንዚን የቆዳውን ቅባት ስለሚያጠፋ እጅ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም የበሽታ ጀርሞች ይሸሸጋሉ። ከዚህም በላይ መርዙ በቆዳና በትንፋሽ ወደ ሰውነት ይገባል፤ እሳትም ቢያገኘው ይነድዳል። የሚሻለው ዘዴ ይህ ነው፦ በደረቅ እጅ ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት አፍስሶ ማሸት፥ በጨርቅ መጥረግ፥ ከዚያም በሳሙናና በውሀ እስከ ክንድ ድረስ መታጠብ፥ ጥፍርንም በብሩሽ ማጽዳት። ቱታውን አውልቆ ንጹሕ ልብስ ከለበሱ በኋላም ፋሻውን ከመንካት በፊት ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ያህል ደግሞ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ቱታው ከሕመምተኛዪቱ አንሶላ ጋር አብሮ አይዘፍዘፍ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ጊዜን መለየት ነው። ፋሻ የሚለወጥ ከሆነ በጧት፥ እጅ ገና ንጹሕ ሳለ ይለወጥ፤ የመኪናው ሥራ ከዚያ በኋላ ይጀመር።

3ኛ፤ ስለ ቍስሉ

የተሰፋው ቆዳ ከንፈር በ2 ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ይገጥማል። ይህን አይቶ ግን ቍስሉ ዳነ ማለት አይገባም። የውስጡ ሥጋ የሚጠነክረው በብዙ ሳምንት ነው፤ ከ3 ወር በኋላም ጥንካሬው ከቀድሞው ከመቶ 80 እጅ ያህል ብቻ ይሆናል። በቍስሉ ላይ ቅቤም፥ ቡናም፥ ከካፕሱል የወጣ የመድኃኒት ዱቄትም መነስነስ ክልክል ነው፤ ሐኪሙ ካዘዘው በቀር አንዳች አይጨመርበት። የታዘዘው ክኒን ሕመሙ ስለ ተሻለ ብቻ አይቋረጥ።

የቍስል ማመርቀዝ እስከ 30 ቀን ድረስ ሊመጣ ይችላል። ትኵሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን፥ በቍስሉ ዙሪያ ያለው መቅላት እየሰፋ ሲሄድ፥ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ሲታይ፥ ስፌቱ ሲከፈት፥ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። የአንድ እግር ባት ማበጥና መታመም ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፥ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም መኖሩን ሊያመለክት ስለሚችል፥ ይህም ጊዜ የማይሰጥ ነው። እንዲህ ያለው እንዳይደርስ ሐኪሙ በፈቀደው መጠን በቤት ውስጥ ቀስ እያሉ መራመድ ይጠቅማል።

4ኛ፤ ስለ ጢስ

ሞተር ለመሞከር ሲነሣ መኪናው ከመኝታ ቤቱ መስኮት መራቅ አለበት። በጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። በቀዶ ጥገና ጊዜ ደም የፈሰሳት ሴት ደግሞ ከጤነኛው ይልቅ ትጎዳበታለች። የመርዙ ምልክት ራስ ምታት፥ ማዞርና ማቅለሽለሽ ስለ ሆነ፥ ቤተ ሰቡ «የኦፕራሲዮኑ ድካም ነው» ብሎ ሊታለል ይችላል። ይህ ምልክት ከታየ ሞተሩን አጥፍቶ ሕመምተኛዪቱን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና በፍጥነት ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ቤንዚንና የባትሪ አሲድም በውሀ ጠርሙስ ተቀድተው በቤት ውስጥ ከቶ አይቀመጡ።

5ኛ፤ ዝም ብላ የምትሠራ ሕመምተኛ

በአገራችን ሴቶች ዘንድ ሕመምን መቻል እንደ ጨዋነት ይቈጠራል። ባልዋ ከመኪና ሥር ተኝቶ ስትሰማ «እኔ ደኅና ነኝ፤ ሥራህን ቀጥል» ትላለች፤ ጥቂት ቈይታም ጀሪካን ታነሣለች፥ ምጣድ ትጥዳለች። 20 ሊትር ውሀ የያዘ ጀሪካን ክብደቱ ከ20 ኪሎ ያላነሰ ነው። ትልቅ የሆድ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ግን ብዙ ጊዜ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ከባድ ነገር እንዳያነሣ ይከለከላል። ስለዚህ ባልየው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውሀውን ይቅዳ፥ ምግቡን ያዘጋጅ፤ እንቍላል፥ ምስር፥ ወተትና የመሳሰሉት ለቍስል መዳን ይረዳሉ። በየሰዓቱም ብቅ ብሎ በበሩ ይጠይቃት፤ መልሷን ብቻ ሳይሆን ፊቷንም ይመልከት።

6ኛ፤ አስታማሚው ራሱን ይጠብቅ

በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት የሞት ጥሪ ነው። ጠንካራ መቆሚያ ሳይደረግና ጎማው በድንጋይ ሳይታገድ ማንም ሰው ከሥሩ አይግባ። ክሪክ ከሸሸ በአንድ ቤት ሁለት ሕመምተኛ ይሆናል፤ አስታማሚ ግን አይኖርም። እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰውም ፍሬን አይፍታ፤ የፍሬን ስሕተት የሚታወቀው በመንገድ ላይ ነውና።

መኪናው ተጠግኖ በደኅና ሲሄድ፥ ሕመምተኛዪቱ ስፌቷን ለማስፈታት የምትሄደው ተሳፋሪ ሆና ነው። የደኅንነት ቀበቶዋ አይቅር፤ ሆዷን እንዳይጫናት በመካከሉ ትንሽ ትራስ ይደረግ። ያለ ሕመም በድንገት ፍሬን ለመያዝ እስክትችልና ሐኪሟ እስኪፈቅድላት ድረስ ራሷ አትንዳ።

እናንተ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ሆይ፤ ይህን ሥርዓት ለማታነብ እናት፥ መኪና ለሚጠግን ጎረቤትና ለተማሪዎቻችሁ እንድታስረዱ አደራ እንላለን። በአንድ ጧት የታጠበ እጅ አንዲትን እናት ከሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሊያድናት ይችላል።