ትምህርትና ኳስ በአንድ ሜዳ፤ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝነት ለምን ይመረጣል?

በራያ ቆቦ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች የማሽላና የጤፍ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ባዶ የሚሆነው ማሳ ለአካባቢው ወጣቶች የኳስ ሜዳ ሆኖ ያገለግላል። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል የተሻለ ተሰጥኦ ያላቸው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳሉ። ትምህርታቸውን አቋርጠው ክለብ መፈለግ፣ አለያም ኳሱን ትተው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና መዘጋጀት ነው። ሁለቱን አጣምሮ ለማስኬድ ከማንም በላይ አመቺ የሆነው ተቋም ዩኒቨርሲቲ ነው። ለዚህም ሥራውን ወዶ የሚቆይ አሰልጣኝ ያስፈልገዋል።

ብቁ አሰልጣኝ ትምህርት ከጨዋታ የሚቀድምበትን ተቋም ለምን ይመርጣል? በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ ያላት አሜሪካ ናት። በአገሪቱ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚካሄደው የአሜሪካ ፉትቦል በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ከፍተኛ ሥፍራ አለው። ሀርቫርድንና ዬልን ጨምሮ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎችን ያቀፈው አይቪ ሊግ ግን በስፖርት ችሎታ ብቻ ነፃ የትምህርት ዕድል አይሰጥም፤ ተጫዋቹ የትምህርት መመዘኛውንም ማሟላት ይጠበቅበታል። ይህ ገደብ እያለም ቲም መርፊ እ.ኤ.አ. በ1994 የተረከበውን የሀርቫርድ ቡድን ለ30 ዓመታት ያህል አሰልጥኗል። ከሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ጋር ሦስት ጊዜ የሱፐር ቦውል ዋንጫ ያነሳው ቢል ዋልሽም እ.ኤ.አ. በ1992 ተመልሶ የሄደው ቀደም ሲል ወዳሰለጠነበት ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

የምርጫው ምክንያቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው ጊዜ ነው፤ የአሰልጣኙ ሥራ በዋንጫ ብቻ ሳይሆን ባስመረቃቸው ተጫዋቾች ቁጥርም ሲመዘን፣ በጥቂት ሽንፈት ሳይሰናበት ቡድን ለመገንባት ፋታ ያገኛል። ሁለተኛው የተጫዋቾቹ የመረዳት አቅም ሲሆን፣ የጨዋታውን ስልት ጠይቀውና ተከራክረው ይቀበላሉ። ሦስተኛው የሥራው ፋይዳ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች አብዛኞቹ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ እንጂ የክለብ ተጫዋች አይሆኑም። በመሆኑም አሰልጣኙ መምህርም ጭምር ነው።

ሥራው ያለ ችግር አይደለም። የትምህርት መመዘኛው የምርጫውን ክልል ያጠብባል፤ የልምምድ ሰዓትም ለክፍልና ለፈተና ይገዛል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ መፈቀዱ ፉክክሩን በገንዘብ ላይ እንዲመሠረት አድርጎታል። ያም ሆኖ በትምህርት ጥራቱ የሚታወቀው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በጥቅምት ወር 2024 እ.ኤ.አ. በወቅቱ በደረጃ ሠንጠረዡ አንደኛ የነበረውን አላባማን 40 ለ35 አሸንፏል።

ትምህርትና እግር ኳስን ማጣመር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። በቅርብ ዓመታትም ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ ስም ይዞ በ2010 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሏል። ይሁን እንጂ በሊጉ የሚወዳደር ክለብ አሰልጣኝ የሚመዘነው በነጥብ በመሆኑ፣ የተማሪዎች ቡድን አሰልጣኝነት ከዚህ ተለይቶ መታየት ይኖርበታል።

ለራያ ወጣቶች ቅርብ የሆነው ተቋም ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውና በ2004 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በከተማዋ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም ተመርቋል። የወልዲያ ከተማ ቡድንም በዚያው ዓመት በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል። ዩኒቨርሲቲው በ2014 ዓ.ም ጦርነት ከባድ ዘረፋና ውድመት የደረሰበት ሲሆን፣ ቆቦና አካባቢዋም የጦርነቱ ሰለባ ነበሩ። ትምህርት በተደጋጋሚ በተስተጓጎለበት አካባቢ ወጣቱን ወደ ክፍል የሚመልስ ማንኛውም መንገድ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

የስታዲየም መኖር ብቻውን ግን ውጤት አያመጣም። የአሰልጣኝነት የሥራ መደብ በቋሚነት ሲፈቀድ፣ የልምምድ መርሐ ግብር ከትምህርት ካላንደር ጋር ሲጣጣም፣ የአሰልጣኙ የሥራ አፈጻጸም ምዘናም የተጫዋቾችን የትምህርት ውጤት ሲያካትት ባለሙያው ሥራውን መርጦ ይቆያል። ይህም ለትምህርትና ለስፖርት ዘርፍ ኃላፊዎች ከአዲስ ግንባታ ያነሰ ወጪ፣ ነገር ግን የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ያኔ የቆቦ ወጣት ኳሱንም ደብተሩንም ይዞ መጓዝ ይችላል።